የእትዬ አበቡ ቀይ ምንጣፍ

እትዬ አበቡን የማያውቅ የጎንደር ደባርቅ መንገድ ሹፌር የለም። ኮሶዬ ላይ ምግብ ቤት አላት፣ የሚወጣውም የሚወርደውም በሯ ላይ ይቆማል። ጥብሷ ሸጋ ነው። ምላሷ ደግሞ ከጥብሷ ይበልጥ ያቃጥላል። «ቶሎ በይ እንጂ» ያላትን ሰው፣ «የቸኮልከው አንተ ነህ ወይስ ማኪናው? ማኪናው ከሆነ እሱን ላስቀድም» ትለዋለች።

የእሷ ነገር እንዲህ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የገዛችው ሁሉ ለሌላ ሰው ነው። ለምግብ ቤቱ ድስት፣ ለልጆቹ ደብተር፣ ለባሏ ለአያ ፋንታሁን ጋቢና ቦቲ ጫማ። ለራስሽስ ምን ገዛሽ ስትባል ቆም ብላ ታስባለች። ታስብ ታስብና «ጥርሴን አስነቅያለሁ» ትላለች።

አምና የቤቱ ወለል ሊሾ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ግን የኮሶዬን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ድሮ በእበት የተለቀለቀው ይሻል ነበር። ሊሾው ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። እትዬ አበቡ ደግሞ ቁርጥማት አለባት። ከአልጋ ስትወርድ እግሯ ሊሾውን ሲነካ «እመቤቴ!» ብላ ትጮሃለች። አያ ፋንታሁን የሚነሳው በዶሮ ሳይሆን በእሷ ጩኸት ነው።

ከዚያ ጎንደር ያለችው ልጇ ፀደይ ወለደች። ፀደይ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ባሏም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እትዬ አበቡ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያ አደረች። ጠዋት ከአልጋ ወርዳ ለመጮህ አፏን ከፈተች፣ የሚያስጮህ ነገር ግን የለም። ወደ ታች ብታይ ምንጣፍ ነው።

«ፀደይ፣ በግ ላይ የቆምኩ መሰለኝ እኮ!»

«ምንጣፍ ነው እማዬ።»

«ምንጣፍማ አውቃለሁ። መኝታ ቤት መግባቱን ነው ያላወቅሁት።»

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ምንጣፍ የሚገዛው ለቤተክርስቲያን ነው። ሰው ይሳላል፤ የታመመው ሲድንለት ወይ ያልወለደችው ስትወልድ ምንጣፍ ተሸክሞ በእልልታ ስለቱን ያስገባል። ጥቅል ምንጣፍ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ከታየ ስለት ነው፣ ሌላ የሚያስብ የለም።

ቢሆንም ያ የጠዋቱ ሙቀት ከእግሯ አልወጣ አለ። ለአንድ ጊዜ ለራሴ ልግዛ አለች። ፀደይ ከአራስ ቤት ስትወጣ፣ ለባሏ ይሄን መናገር አፍራ «የልጅ ልጄን ልይ» ብላ ጎንደር ወረደች። ፀደይን አስከትላ ፒያሳ፣ ሙሉሰው የሚባል ነጋዴ ሱቅ ገባች።

«እንኳን ደስ አለሽ እናቴ» አላት ሙሉሰው ገና ሳትቀመጥ። «ለየትኛው ታቦት ነው?»

«ለእግሬ ነው።»

ሙሉሰው ሳቀና ግራጫውን ዘረጋላት። «አሁን ሰው ለመኝታ ቤት የሚወስደው ይሄን ነው።»

«አመድማ ምድጃዬ ሙሉ አለኝ።»

አረንጓዴውን አመጣ።

«ይሄን በጎቼ ካዩት ገብተው ይግጡታል።»

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም አወለቀች። በተዘረጋው ሁሉ ላይ ዓይኗን ጨፍና እየተራመደች ትቆማለች። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ያያታል። ፀደይ የምትገባበት ጠፋት።

«እማዬ፣ በእጅሽ ንኪው እንጂ!»

«ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው እጄ ነው እንዴ?»

አንዱ ላይ ስትደርስ ቆማ ቀረች። ጣቶቿ ገቡበት። ዓይኗን ስትገልጥ ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ ያለበት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቁርጥ የቤተክርስቲያን ነው የሚመስለው!»

«እግር ቀለም አያይም። ጠቅልልልኝ።»

ነገር የተበላሸው መናኸሪያ ላይ ነው። ጥቅሉን ጣሪያ ላይ ጫንልኝ ብትለው ሹፌሩ አማተበና «የስለት ዕቃማ ጣሪያ ላይ አይወጣም» አላት። ምንጣፉ ጋቢና ተቀመጠ፣ እሷ ከኋላ ከጤፍ ማዳበሪያ ጋር ተጣበቀች። አንዲት አሮጊት ሲገቡ ምንጣፉን ተሳለሙት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«እሰይ ልጄ፣ የለመንሽውን አትጪ!» አሏትና ሙሉ መኪና አሜን አለ።

ሹፌር በነገር ስትሸነቁጥ የምትውለዋ ሴት ምላሷ ተያዘ። እዚያ መሀል «ለመኝታ ቤቴ ነው» እንዴት ይባላል?

ኮሶዬ ስትወርድ ደግሞ ጎረቤቷ ውቢት መንገድ ዳር ቆማለች። የውቢት እልልታ ተራራ ይሻገራል።

«እልልልል! አበቡ! ምነው ሳትነግሪን? ደብቀሽ ተሳልሽ?»

ሰው ተሰበሰበ። ማታ አያ ፋንታሁን ከእርሻ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር።

«ሸጋ አደረግሽ» አላት ደረቱን ነፍቶ። «ለፀደይ መውለድ የተሳልሽው ነው አይደል? እኔ እኮ ጠርጥሬያለሁ።»

ምንም አልጠረጠረም። ግን እንዲያ ደስ ብሎት ስታየው እሷም ዝም አለች። እሱም ሄዶ ለንስሐ አባታቸው ለአባ ጌትነት ነገራቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተን እንወስደዋለን ተባለ።

እትዬ አበቡ እስከ እሑድ ጥብሱን ሁሉ ስታሳርር ሰነበተች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተጋድሟል፣ እግሯ ግን ያው ሊሾ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጫፉን ገለጥ አድርጋ በአውራ ጣቷ ነካችውና ቶሎ መልሳ ጠቀለለችው። የሰረቀች መሰላት። መስጠቱ አይደለም ያስጨነቃት። እልል የተባለለት ነገር ተመልሶ የሰው ይሆናል ወይ? እመቤቴ ሰምታ «የኔ ነው» ብላ ከሆነስ?

እሑድ ምግብ ቤቱ ሞላ። ከበሮ መጣ። አባ ጌትነት መቋሚያቸውን ይዘው ተቀመጡ። አያ ፋንታሁን ነጭ ጋቢውን ለብሶ ጥቅሉን ከመኝታ ቤት ይዞ ወጣ፣ ውቢትም ለእልልታ አየር ሳበች።

«ቆይ!» አለች እትዬ አበቡ። «አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆንሽ?»

«ይሄ ስለት አይደለም። ለመኝታ ቤቴ ነው የገዛሁት። እግሬን በርዶኝ ነው። ሰው እልል ሲል አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን የእመቤቴ ሆኖ ከሆነ ይውሰዱት። ካልሆነ ግን የኔ ነው።»

የመጨረሻዋን ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን ሁሉም ሰማ። አያ ፋንታሁን ጥቅሉን እንደታቀፈ ቀረ።

«በአፍሽ ተስለሻል?» አሏት አባ ጌትነት።

«አልተሳልኩም።»

«በልብሽስ?»

«በልቤማ እግሬን ብቻ ነው ያሰብኩት አባ።»

«ታዲያ ስለት ነው ያለ ማነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ውቢትን አያት።

«ምነው! እኔ እልል ነው ያልኩት!»

«እንግዲያ እልል ያለች ታስገባ» አሉ አባ ጌትነት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አባ፣ እኔ ምንጣፍ ከየት አመጣለሁ? ጧፍ አይበቃም?» አለች ውቢት።

«ይበቃል፣ ይበቃል።» ከዚያ ወደ እትዬ አበቡ ዞሩ። «ያልተሳሉትን ተሳልኩ ብሎ ማስገባት ደግ አይደለም። ምንጣፉ ያንቺ ነው፣ አንጥፊው። ስለ ዝምታሽ ግን ትሰግጃለሽ።»

«እሺ አባ። እቤቴ ልስገድ?»

«እቤትሽ። ግን ሊሾው ላይ!»

ሰው እየሳቀ በልቶ ጠጥቶ ወጣ። አያ ፋንታሁን ግን አኮረፈ። ወንዶች ፊት አሳፈርሽኝ ነው ነገሩ። እሷ መኝታ ቤት ገብታ ምንጣፉን አነጠፈች፣ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች። እሱ ጭቃ ቦቲውን እንዳደረገ መጥቶ በሩ ላይ ተገተረ።

«ጫማህን» አለችው።

«በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትህ።»

እያጉረመረመ አወለቀ። አንድ እግሩን ምንጣፉ ላይ አደረገ፣ ሁለተኛውን ጨመረ።

«እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ምንጣፉ ነዋ!»

«ደህና ነው» አለ ወደ ግድግዳው እያየ።

«እንግዲያ ውረድልኛ፣ እኔም ልቁምበት።»

«ትንሽ ቆይ» አላት።