የሊታል ኮምፒውተርና የውባንቺ ወረንጦ

ውባንቺ እስራኤል ውስጥ፣ ኪርያት ማታሎን ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ፋብሪካው ክፍሏን ዘግቶ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት ዕቃዋን በአንድ ትንሽ ካርቶን ይዛ ኔቬ ኦዝ ወዳለው ቤቷ ተመለሰች። ካርቶኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችና በሳምንቱ አንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፋብሪካው አንስታ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

ልጇ ሊታል ከጦር ሠራዊት ከወጣች ዓመት አልፏታል። አብረዋት ያገለገሉት ጓደኞቿ አንዷ ሰሜን፣ አንዷ ደቡብ ስለተበተኑ፣ የሚገናኙት ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲጫወቱ ነው። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ግን የሊታል አሮጌ ኮምፒውተር ጧ ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። የጓደኛዋ ወንድም ፈታቶ ሲያየው የተረፈው ግራፊክስ ካርዱ ብቻ ነበር፤ የጨዋታውን ሥዕል ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ክፍል። እሱንም ሊታል ከሠራዊት ስትወጣ በተሰጣት ገንዘብ የገዛችው ነው።

“ታዲያ እሱን ሽጭና ሙሉውን ግዥ” አለቻት ውባንቺ።

“ኢማ” አለች ሊታል እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፤ “ውዱ እኮ እሱ ነው። እሱ ካለኝ ሌላውን በሱ ልክ እፈልጋለሁ።”

ሊታል ወረቀት አውጥታ አስረዳቻት። ፕሮሰሰሩ፣ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ደካማ ከሆነ ካርዱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከልክ በላይ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ትርፍ ወጪ ነው። ካርዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ኃይል የሚሰጠው ክፍል አዲስ መሆን አለበት፤ አሮጌውን ኮምፒውተር ያቃጠለው የዚህ ክፍል ማርጀት ነው። የቀረው ሁሉ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ሊታል ከጎረቤት የተጣለ የኮምፒውተር ቀፎ ደስ ብሏት ይዛ ስትመጣ፣ እናትየዋ የልብስ ሜትሯን አምጥታ መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥላ የቀፎውን ውስጥ ለካች።

“ካርዱ ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። አይገባም” አለች።

ቀፎው ወደ ነበረበት ተመለሰ። በሳምንቱ የሚበቃ ተገኘ።

ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ሰሌዳ ማለት ነው፣ ሊታል ጊቫት ሽሙኤል ከተማ ካለ ሰው ገዛችው። በአውቶቡስ ይዛው መጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ክዳን ከፈት ስታደርግ ፊቷ ተለዋወጠ። ፀጉር ከሚያክሉት ከሺህ የሚበልጡ የብረት ፒኖች መካከል፣ ጥግ ላይ ያሉት አራቱ እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። ለሻጩ ደወለች። “ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር” ብሎ ዘጋባት። ደግማ ስትደውል አላነሣም።

“ኻላስ፣ አለቀ” አለች ሊታል። ከዚህ ሌላ የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም።

ውባንቺ ድንች የምትልጥበትን ሳህን ገፋ አደረገች። እጇን ታጥባ አደረቀችና ወንበር ላይ ወጥታ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ አወረደች። ከውስጡ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ወረንጦ አወጣች።

“ኢማ፣ አትንኪው! በጣም ስስ ነው፣ ይሰበራል።”

“ስስ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሚፍዓል፣ እዚያ ፋብሪካ፣ ምን ስሠራ የኖርሁ ይመስልሻል?”

“ዕቃ... ስታሽጊ።”

ውባንቺ ቀና ብላ አየቻት። ከፋት፤ ግን የራሷንም ዝምታ አሰበችው።

“አንድም ቀን አሽጌ አላውቅም” አለች። “ማሽኑ ያበላሸው ሰሌዳ ለጥገና እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚመጣ። ለሐኪም ቤት መሣሪያ የሚገባ ነው። ስድስት ሴቶች ጀምረን፣ ዓይኑም እጁም የቆየልን ሁለት ነበርን።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? ያላ፣ በይ መብራቱን ወደዚህ አዙሪው።”

ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሊታል በስልኳ ካሜራ አጉልታ ልታሳያት ብትሞክር ምስሉ ከእጇ ኋላ እየቀረ አስቸገራት። በመጨረሻ የባሏን የፍቅሬን የንባብ መነጽር ከራሷ መነጽር በላይ ደርባ አደረገችው። ሊታል ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ውባንቺ ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ በጎን አየችው። ቀጥ ያሉት ፒኖች ጫፍ ጫፋቸው በአንድነት ያብለጨልጫል፤ የታጠፉት ጨልመዋል።

“አየሽ፣ የቱ እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል። ባንድ ጊዜ አይቃናም። ትንሽ ታደርጊና ታርፊያለሽ። ወዲያ ወዲህ ካመላለስሽው ነው የሚሰበር።”

ሦስቱ ቶሎ ተቃኑ። አራተኛው ሥሩ ላይ ስለታጠፈ አስጨነቃት። ሁለት ጊዜ ወረንጦዋን አስቀምጣ ጣቶቿን አሻሸች። በሦስተኛው ስትነካው ፒኑ ቀና አለና ከሌሎቹ ጋር አብለጨለጨ።

የቀረውን ሊታል ሠራችው፤ ውባንቺ ብሎን እያቀበለች ተመለከተች። ሲበራ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነበር። ውባንቺ ጥፋቱ የአራተኛው ፒን ነው ብላ አሰበች። ሊታል ከኋላ ጎንበስ ብላ አየችና ግንባሯን መታ አደረገች።

“እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼው።”

ነቅላ ካርዱ ላይ ስትሰካው ብርሃን መጣ። እናቷን አንገቷ ሥር አቅፋ ሳመቻት።

ሊታል የፒኖቹን ፎቶ፣ ሳይቃኑና ከተቃኑ በኋላ፣ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የፌስቡክ ቡድን ላይ አወጣችው፤ “እናቴ ናት የሠራችው” ብላ ጻፈችበት። በሁለተኛው ቀን ሮን የሚባል፣ ኪርያት ማታሎን ትንሽ መጠገኛ ያለው ሰው ጻፈላት። እናትሽ ብቅ ብትል ደስ ይለኛል አለ።

ውባንቺ ሁለት ቀን አንገራገረች። በሦስተኛው ወረንጦዋን በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። ሮን አንድ የተበላሸ ሰሌዳ ሰጣት። በአጉሊ መነጽሩ ሥር ካየችው በኋላ “ሁለቱን አቃናለሁ። ይኸኛው ግን ተቆርጧል፣ አልዋሽህም” አለችው። ሮን ራሱም አይቶ አመነላትና በሳምንት ሁለት ቀን እንድትመጣ ጠየቃት።

አሁን እሑድና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እዚያ ትሠራለች፤ ጠዋት ጠዋት ጽዳቱን አልተወችም። ሊታልም ዛሬ ምን መጣላችሁ፣ የቱ ዳነ፣ የቱ አልዳነም እያለች ትጠይቃታለች። ውባንቺ እራት እያቀረበች አንድ በአንድ ትነግራታለች።