ስድስት እግር ያላት ሸረሪት

ልጆቹ ርዕሰ መምህሩን እሳቸው በሌሉበት «ማነው» ነው የሚሏቸው። ስም ማውጣትማ ያውቁበታል! ሰውዬው በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመናቸው ከዚህ ሌላ ጥያቄ የጠየቁ አይመስልም። መስታወት ሲሰበር፣ ማነው? ግቢው ጸጥ ሲልም፣ ማነው ጸጥ ያሰኛቸው? ጠዋት ከዘበኛው ቀድመው በር ላይ ይቆማሉ፤ የመምህራኑን መግቢያ ሰዓት በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ፤ አሞኝ ነበር ያለውን ሁሉ የት እንደዋለ ሳያጣሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ክፉ ሆነው አይደለም። ትምህርት ቤቱን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። ግን እንዲህ ካለ አባት ይሰውረን።

እናላችሁ፣ የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ታረመ። እንደ ልማዳቸው ቢሯቸውን ዘግተው የታረመውን እንደገና ሲያዩ፣ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ እጃቸው ቀጥ አለ። ሸረሪት ስንት እግር አላት? ስድስት፣ ይላል የመጀመሪያው ልጅ። ሁለተኛውም ስድስት። ሰላሳ ስምንቱም ልጆች፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ አንድ እንኳ ሳይቀር ስድስት! መምህርቷ በሁሉም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጋበታለች።

«አገኘኋት!» አሉ ብቻቸውን። መምህርቷ ከመጣች ገና መንፈቋ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም። ልጆቹ ይወዷታል፤ ይሄ ራሱ ድሮም አላማራቸውም። ባለፈው ወር አሞኛል ብላ ሦስት ቀን የቀረችውንም አልረሱላትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ለሚስታቸው አጫወቷት።

«መልሱን አስቀድማ አድላቸዋለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ ካደለች አይቀር ትክክለኛውን አታድልም ነበር?»

«እሱ እኮ ነው ተንኮሉ! እንዳልጠረጥር ብላ ነዋ!»

ሚስታቸው ሳቋ አመለጣት። «እኔንም እኮ ደህና አደርክ ባልኩህ ቁጥር፣ ምን ፈልጋ ነው ሳትል አትቀርም።»

እሳቸው አልሳቁም። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ያሉበት ቀን ነበር።

ከምሳ እንደተመለሱ መምህርቷን አስጠሯት። ተቀመጪ እንኳ አላሏትም።

«ማነው ስድስት ያላቸው?»

«እኔ ስምንት ብዬ ነው ያስተማርኩት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስድስቱን ከየት አመጡት? ከሰማይ ወረደላቸው?»

አንገቷን ደፋች። «ልጆቹን ቢጠይቋቸው ይሻላል።»

አይ እሷ! አንገት መድፋት፣ ድምፅ መቀነስ፣ ነገሩን ልጆች ላይ መጣል። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሁሉ ለምደውታል። ወዲያው ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፈተና አሾልካለችና ትሰናበትልኝ የሚል። እንዲህ ተብሎ የተሰናበተን መምህር ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ዞር ብሎ አያየውም። እሷም ይህን ታውቃለች።

በሳምንቱ የጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ደብዳቤውን ይዘው መጡ። ሦስቱም ወደ ሦስተኛ ክፍል ገቡ፤ ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ መምህርቷ ፊቷ አመድ መስሎ ከኋላ።

«ልጆች፣ አትፍሩ» አሉ ሱፐርቫይዘሩ። «ሸረሪት ስድስት እግር አላት ያላችሁ ማነው?»

የክፍሉ ዓይን ሁሉ ርዕሰ መምህሩ ላይ አረፈ። እሳቸው ደግሞ ልጆቹ መምህርቷን የፈሩ መሰላቸው።

«ተናገሩ እንጂ! እኔ እያለሁ ማን ይነካችኋል?»

ከፊት ወንበር አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብድግ አለች። «እርስዎ ነዎት።»

«ምን?»

«ቲቸር አሟት የቀረች ጊዜ አንድ ቀን እርስዎ ገብተው አስተማሩን። ንብ፣ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ሁሉም ስድስት ስድስት እግር አላቸው አሉን። ቲቸር ስትመጣ ስምንት ነው አለችን። እኛ ግን ርዕሰ መምህር አይሳሳትም ብለን የእርስዎን ያዝን።»

ለርዕሰ መምህሩ ነገሩ ትዝ አላቸው። ያን ቀን መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር ያስተማሩት፤ ዓይናቸው አርፍዶ የሚገባ መምህር ፍለጋ ግቢው በር ላይ፣ አፋቸው ብቻ ክፍል ውስጥ።

«ልጅ እኮ ያልተባለውን ተባለ ይላል» አሉ ሱፐርቫይዘሩ፣ ሊያግዟቸው ፈልገው። ርዕሰ መምህሩ «እውነትዎን ነው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ማን ይከራከራቸዋል? ርዕሰ መምህሩ ወደ መምህርቷ ዞሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር፣ ጋሼ?»

እንዴት ብለው! ሌላ ተንኮል ነው ብለው ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩላት ነበር እንጂ። አፈሩ። በዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም።

«ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ ያልኳቸው» አሉ ሱፐርቫይዘሩን። «ደብዳቤውን ይመልሱልኝ። መምህርቷ ምንም ጥፋት የለባትም።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ሸረሪት ስምንት እግር ነው ያላት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጥርሷ የወለቀው ልጅ አልተቀመጠችም።

«እና ያን ቀን ያስተማሩን ሌላውስ?» አለች። «እሱስ እውነት ነው?»

ያን ቀን ሌላ ምን ምን እንዳሉ አንዱም ትዝ አይላቸውም። ጠመኔ አንስተው ለመምህርቷ ሰጧትና ሄደው ከኋላ ወንበር ልጆቹ መሃል ተቀመጡ። ሰላሳ ስምንቱም ልጆች ያን ቀን የጻፉትን ገጽ ገልጠው፣ እርሳሳቸውን ይዘው መጠበቅ ጀመሩ።