የአሥረኛው ኪሎ ሜትር ሽቦ

ሀብቴ ከሆሳዕና እስከ ጊምቢቹ ያለውን የስልክ ሽቦ አሥራ ሁለት ዓመት በእግሩ እየሄደ ጠግኗል። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣቱ ኃይለመለኮት ግን ስልኩ ሲዘጋ ከወንበሩ ሳይነሳ ቮልቱንና አምፔሩን ለካና፣ "ሃያ ቮልት ለአንድ አሥረኛ አምፔር ሲካፈል የሽቦው ተቃውሞ ሁለት መቶ ኦም ነው። በየኪሎ ሜትሩ ሃያ ኦም ስላለው፣ መሬት የነካው አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው" አለ። የቢሮው ጸሐፊዎች አጨበጨቡለት። ለሀብቴ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ያጨበጨበ አልነበረም።

ቅናት እየበላው ሄደ። ሽቦው አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ እርጥብ ሣር ውስጥ ተጋድሞ ጠበቀው። ሰቀለውና ተመልሶ፣ "አሥራ አራተኛው ላይ ነው ያገኘሁት" አለ።

ኃይለመለኮት አንገቱን ደፋ። "ጋሼ፣ እርስዎ በዓይንዎ ካዩት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብሎ ስሌቱን የሠራበትን ወረቀት ቀደደው።

በሳምንቱ ስልኩ እንደገና ተዘጋ። ሀብቴ የወጣቱን እርሳስ በዓይኑ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚያነሳው ጠፋ።

"እንደ ድሮው በእግር ይሻላል፣ ጋሼ።"

ሀብቴ በማለዳ ጭጋግ ወጥቶ ጊምቢቹ ድረስ ሄደ። ብልሽቱን ያገኘው ግን በማግስቱ ሲመለስ፣ ከቢሮው በር ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ነው።