ሳልቀምስ ያቀረብኩት የቤተ መንግሥት ፍትፍት

የልጅ ልጄ ሜሮን አዲስ አበባ ሄዳ ለጎብኚ የተከፈተውን ቤተ መንግሥት አይታ ሰሞኑን ወደ ከተማችን ገንዳ ውሃ ተመለሰች። ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ያነሳችውን አዳራሽ፣ ምንጣፉንና ባለወርቅ ቅቡን ወንበር አሳየችኝ።

«ወጥ ቤቱስ?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! ወጥ ቤት ማን ያሳያል?»

እኔ በደንብ የማውቀው ግን እሱን ነው።

በንጉሡ ዘመን ጎንደር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጥን ተማሪዎች ቤተ መንግሥት ለግብር ተጠራን። የነቢያት ጾም ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን ያገሩን የጾም ምግብ ሠርቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ከቡድናችን ቆለኞቹ እኔና የሽንፋው ደረጀ ብቻ ነን።

«ቆላ ከወባ ሌላ ምን አለው?» አለች አንዷ ደገኛ። ሰሊጥ ላኩልኝ ብዬ ወደ ቤት ጻፍኩ። አባቴ ከመተማ አዲስ የተራገፈ ሰሊጥ ላከልኝ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደገኞቹ በሙቀቱ ሲቃትቱ እኔና ደረጀ አገራችን የገባን መሰለን።

ቤተ መንግሥት እንደደረስን ሰሊጡን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር እንጀራ ፈተፈትኩበት። መዓዛው ከዚያ ሁሉ ወጥ መሐል ይለይ ነበር።

የወጥ ቤቱ አለቃ ነጠላቸውን ያደገደጉ ወይዘሮ ነበሩ። «በይ ልጄ፣ በመዳፍሽ ያዥና ቅመሺ። ሠሪዋ ያልቀመሰችው ከዚህ ደጅ አያልፍም» አሉኝ።

«እሜቴ፣ ጾመኛ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

«እንግዲያው ያገርሽ ሰው ይቅመስልሽ። አለዚያ ይመለሳል።»

ቢመለስ ያቺን ደገኛ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ደረጀ ብቅ አለ። «እኔ ጠዋት ዳቦ በልቻለሁ፤ አንዴ ኩነኔ ገብቻለሁ» አለና ጎረሰ። ዓይኑ ትንሽ ርግብግብ አለ። «ሰሊጥ ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ደገመ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ፣ ጨው የት አለ?»

በጾም ቀን ጨው የምንጨምረው በግምት ነው። እኔ ግን ከድንጋጤ የተነሳ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

«ምን አለሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ጨው ረስቻለሁ» አልኳቸው።

ወደ ደረጀ ዞሩ። «ታዲያ ምን አስደገመህ?»

«እንዳላሳፍራት ብዬ ነው፣ እሜቴ።»

ነጠላቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ! እንዲህ ያለ ቀማሽ ንጉሥ ያስገድላል!» ብለው ጨዉን በእጃቸው ነሰነሱና ለሦስተኛ ጊዜ አስቀመሱት።

ፍትፍቱ አለፈ። ንጉሡ ይጉረሱ አይጉረሱ ከቆምኩበት አይታየኝም። ሳህኑ ግን ተጠርጎ ወጣ።

«ተረፈ?» አለች ያቺ ደገኛ።

«አልተረፈም» አልኳት።

ሜሮን ጨዋታዬን ሰምታ ስትጨርስ፣ «አያቴም እንደ ደረጀ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ።

«አልነበረም። አያትሽ ጨው ሲጎድል ያኔውኑ ይናገር ነበር።»

እውነተኛነቱን አከብርለት ነበር፤ በዚህ አልወቅሰውም። ለእኔ ብሎ አልጫ ፍትፍት በፈገግታ የደገመ ሰው ግን በዕድሜዬ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።