በክላክስ የሚሠራው ፓምፕ

ኅዳር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. አጎቴ ሲያርፍ፣ በጭነት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ለማብሪያ ማጥፊያ የበሳው ቀዳዳ ባዶውን ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው ከነላስቲኩ ጋቢናው ውስጥ ተገኘ። ለለቅሶ የመጡ ሰዎች «ሞት ቀደመው» አሉ። ልክ አይደለም። ቀዳዳው ከተበሳ ዓመት አልፎት ነበር።

መኪናው አሮጌ ናፍጣ ነው። ሜዳ ላይ እንደ ጎረምሳ ይፎክራል፤ ዳገት ሲያይ ቅስሙ ይሰበራል። ናፍጣውን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚስበው ፓምፕ ስላረጀ መሐል ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቆማል። ያኔ ባለቤቱ፣ አክስቴ፣ ወርዳ ጎማው ሥር ታኮ ታደርጋለች። አንድ ቀን በአዲስ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ገባችና ታኮውን ጋቢናው ውስጥ ወረወረችለት።

«ስማ! ይሄ መኪና እህቴ በር ድረስ ሳይቆም ካልወጣ፣ ጋቢናህን ላልረግጥ ምያለሁ!»

የእህቷ ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። እህቷ ጉልበቷን ስለሚያማት መውረድ አትችልም። አክስቴ በእግሯ ትወጣ ጀመር። አጎቴ ደግሞ የሚነዘንዘው ሰው ሲያጣ መንገዱ ሁሉ ረዘመበት።

ስለዚህ ታንኩ አጠገብ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጠመ። ማጣሪያውን ቀየረ፤ ቱቦውን አጠበቀ፤ እስከዚህ እንከን የለውም። ኤሌክትሪኩን ግን ከክላክሱ ሽቦ ጠለፈ። «በዚህ መኪና ውስጥ አንድም ቀን ታሞ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው» ይል ነበር። በዚያ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ክላክሱ ሲጫን ብቻ መሆኑን ያወቀው፣ አክስቴን በልመና አሳፍሮ ዳገቱን ከጀመረ በኋላ ነው።

ሞተሩ ሲንተፋተፍ አንድ ብስክሌተኛ ፊቱ ሲገባበት አጎቴ ክላክሱን ተጫነ። መኪናው ተስፈነጠረ። ለቀቀው፤ ደከመ። ተጫነው፤ በረታ።

«አንተ ሰው፣ ማንን ነው የምትጠራው?» አለች አክስቴ።

«ናፍጣውን!»

ትራፊክ ፖሊስ መሐል መንገድ ገባ።

«አባቴ፣ ክላክሱን ይልቀቁ!»

«ከለቀቅኩት ይቆማል፣ ልጄ!»

«ይልቀቁ አልኩ!»

ለቀቀ። ቆመ። አክስቴ ታኮ ልታደርግ ትወርዳለች ብሎ ሰረቅ አድርጎ አያት፤ አልተነቃነቀችም። ከኋላ የተደረደሩት መኪኖች በሙሉ ክላክሳቸውን አስጮኹት።

«አየህ፣ የእነሱ ለእኔ አይሠራም» አለ አጎቴ በሐዘን።

ፖሊሱ ሁለት ጆሮውን ይዞ፣ «በሉ እየጮሁ ይሂዱልኝ!» አለ።

እየጮሁ ሄዱ። እህቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች።

«ሰው አንኳኩቶ፣ እኔ በሩ ጋ እስክደርስ ተመልሶ ይሄዳል። ዛሬ ግን ከታች ጀምሮ ሰምቻችሁ ቀደምኳችሁ!» አለች እየሳቀች።

አክስቴ መሐላዋን ረስታ በዚያው ጋቢና ተመለሰች። በማግስቱ አጎቴ ፓምፑን ከክላክሱ ለይቶ ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ሊያበጅለት ዳሽቦርዱን ሲበሳ ግን ደርሳ መሰርሰሪያውን ነጠቀችው።

«ተው! እትዬ በምን ትስማን?»

ተወው።

ከማረፉ በፊት የመጨረሻ ሥራው የዚያች እህት ወንበር ነበር፤ እግሩ ተሰብሮ አስጠገነላት። ወንበሩን ከኋላ ጭኖ፣ አክስቴን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ክላክሱን ተጭኖ ወጣ። በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ወንበሩን አውርዶ፣ ራሱ ተቀመጠበትና ግራ ቀኝ ተወዛወዘበት። ወንበሩ አልተንገዳገደም።