ሁለት ኪኒን፣ አንድ ቆርቆሮ

ቤቱን ሳላየው ሸተተኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ከጠላ ቤቴ ጎትተው፣ የደባርቅን ገበያ በመሀል አቋርጠው ወሰዱኝ። ጥፋቴ ጠላ መሸጤ ነበር። ከጠጡት ውስጥ ሁለቱ ኋላ ጫካ ገቡ። «ለሽፍታ ስንቅ ታቀብያለሽ» አሉኝ።

«ጌቶቼ፣ እኔ ለተቀመጠ ሁሉ ነው የምቀዳው። እናንተም ትናንት ጠጥታችኋል» ብል በጥፊ አጮሉኝ። ሒሳቡንም አልከፈሉ።

እስር ቤት ያሉት የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለው። በሩ ሲከፈት ሽታው እንደ ሰው ደረቴን ገፋኝ። ሰባት ሴቶች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ በሩ ጥግ አፉ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ክዳን የለውም። ዝንቡ ከላዩ ሲነሣ ቆርቆሮው የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ሜዳ የምንወጣው በቀን ሁለቴ ነው፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። በመሀል የመጣበት ሰው ቆርቆሮው ላይ ነው። ከቡይት ራስ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል፣ ሽታው ግን አይወጣም።

ደንባቸው ደግሞ አዲስ የገባ ሰው ከቆርቆሮው አጠገብ ይተኛል። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እልፍኝሽ ያውልሽ» አለችኝ አንዷ ቀይ ሴት።

ጠባቂያችን በርጩማውን በሩ ደጃፍ አድርጎ ይውላል። ሥራው የበሩን ቁልፍ ጆሮው ውስጥ ከቶ መኮርኮር ነበር። ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ በሱሪው ይጠርገዋል። ከዚያ በዚያው እጁ እንጀራችንን እየገላለጠ ይፈትሻል። ኤጭ! አሁንም ሳስበው ምራቄ አፌን ይሞላዋል።

ከሰባቱ ሴቶች አንዷ ስድሳን ያለፉ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፣ ከዳባት ወዲያ የመጡ። ልጃቸው ሸፍቶ፣ እጁን እስኪሰጥ መያዣ ይሁኑ ተብለው ነው የታሰሩት። እመት እንላቸዋለን። ልባቸው ደክሞ ጎንደር ድረስ ሄደው ታክመዋል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ጋደም ካሉ ያፍናቸዋል፤ ሌትም ቀንም ግድግዳ ተደግፈው ነው።

ሴት ልጃቸው በገበያ ቀን ከምግቡ ጋር ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ ታስገባለች፤ ሁለት ዓይነት። አንደኛዋ ደቃቃ፣ የልብ ማጠንከሪያ። ሌላዋ ከፍ የምትል፣ ውሃ የምታወርድ። ጠዋት ጠዋት ከየዓይነቱ አንድ አንድ ነው።

ያቺ ውሃ የምታወርደዋ ጉደኛ ናት። እመት ገና ከመዋጣቸው ቆርቆሮው ላይ ናቸው። እስከ ቀትር ስድስት ሰባት ጊዜ ይነሣሉ። እግራቸው አይታጠፍ፣ ሰውነታቸው ከባድ፣ ቆርቆሮው ይንገዳገዳል፣ ፍንጣቂው እኔ ላይ። ነጠላዬ ላይ፣ ፊቴ ላይ፣ አንድ ቀንማ በያዝሁት ዳቦ ላይ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» ይላሉ በተነሡ ቁጥር።

«ኧረ ምን ገዶኝ እመት፣ ጸበል ነው» እላለሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ። በሆዴ ግን ተጸይፌያቸው ነበር። ወደ ቆርቆሮው ሲመጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ ለእሳቸው ክብር እንዳይመስላችሁ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነና አንድ ጠዋት ብልሃት መጣልኝ።

«እመት፣ የታመመው ምንዎት ነው?»

«ልቤ ነዋ።»

«ፊኛዎስ?»

«ፊኛዬ ምን ሆኖ!»

«ታዲያ ደህናውን ፊኛ ለምን ያሠቃዩታል? የልቧን ሁለት ሁለት ይዋጡ፣ የሽንቷን ይተዉአት። ልብ ከጠና ሌላው ይከተላል።»

«እውነቷን እኮ ነው» አለች ቀይዋ። «ይቺን ጠላ ቤት ያስገባት ማነው? ሐኪም ቤት ነበር ቦታዋ።»

እመትም ፊታቸው በራ። እሳቸውም በየቀኑ በሰው ፊት እየተገለጡ፣ እያፈሩ ነው የከረሙት። የሽንቷን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ መቀነቴ ላይ ቋጠርሁት።

ሦስት ቀን ቆርቆሮው ዝም አለ። እኔም እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን እመት ዳቦውን ገና ሲያሸቱት ገፉት። ቀጥሎ አስመለሳቸው፤ ምንም ሳይበሉ አረንጓዴ፣ መራራ ውሃ። ጨርቅ ስላልነበረ በእጄ ጠረግሁት፤ ጣቶቼ ላይ ተዝለገለገ። እመት ግድግዳውን እያዩ፦

«ልጄ፣ አደይ አበባ ማን አስገባ?» አሉኝ።

«የት ነው እመት?»

«ይኸው ሁሉ ነገር ቢጫ ነው። ፊትሽም ቢጫ ነው።»

«መስከረም ጠብቶ ይሆናላ!» ብዬ ሳቅሁ። ሴቶቹም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። እግራቸውን ስገልጥ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ትንፋሻቸው ሊማሊሞን እንደሚወጣ የጭነት መኪና ያቃስታል።

በሩን ደበደብሁ።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ጠባቂው።

«እመት ሊሞቱ ነው። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጥራልን።»

«ትሙታ። ቦታ ይሰፋላችኋል።»

እናቱን በሚያህሉ ሴት ላይ ነው «ትሙታ» የሚል። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ቁልፉ ጆሮው ውስጥ ነው።

«ለእኛስ ይሰፋል፣ ወንድምዓለም። መያዣዋ ከሞቱ ግን ልጃቸው ለማን ብሎ እጁን ይሰጣል? አለቃህ ሲጠይቅህ ጆሮዬን እያጸዳሁ ነበር ትለዋለህ?»

ቁልፉን ከጆሮው አወጣው። በሱሪው ጠረገውና ሄደ።

ድሬሰሩ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ሲገባ ሽታው መታውና መሐረቡን ወደ አፍንጫው ወሰደ፤ እመትን ሲያይ መልሶ ኪሱ ከተተው። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። የእጃቸውን ትርታ ቆጠረ።

«ምንድን ነው የሚወስዱት?» አለ።

እኔ መቀነቴን ፈትቼ ወረቀቱን ሰጠሁትና ያደረግሁትን ነገርሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«ባልሽ አራሽ ነው?» አለኝ።

«ነበር፣ ነፍሱን ይማር።»

«ማሳው ውሃ ሲተኛበት ምን ያደርግ ነበር?»

«ውሃው እንዲወርድ ፈሰስ ያወጣለታላ።»

«በሬውን አይገርፍም?»

«በሬው ምን አደረገ!»

«አንቺ በሬውን ነው የገረፍሽው። የልቧ ኪኒን አለንጋ ናት። ልክ አላት፤ ከልኳ ስታልፍ ትመርዛለች፣ ታስመልሳለች፣ ነገሩን ሁሉ ቢጫ አድርጋ ታሳያለች። ይቺ የደበቅሻት ፈሰሷ ነበረች። አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም።»

የልቧን እሱ ተመልሶ እስኪያያቸው ጨርሰው እንዲተዉ፣ የሽንቷን በየጠዋቱ እንዲውጡ፣ ጨው እንዳይቀምሱ አዘዘ። ቅቅል ድንችም ይብሉ አለ፣ ከሽንቱ ጋር የሚወጣባቸውን ይተካል። ድንችስ በደባርቅ መች ጠፍቶ። ለጠባቂውም «በመጣባቸው ጊዜ በሩን ክፈትላቸው» አለው።

«ትእዛዝ የለኝም» አለና ከኋላው ቆለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኗን በመዳፌ ይዤ ቀረብሁ። እመት ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ይዋጡ እንጂ።»

«አልውጥም። ሰባት ሰው ፊት ስገለጥ መዋል በቃኝ። የመሪጌታ ሚስት ነኝ እኮ! በሰው መሀል እንደ በግ...» ትንፋሽ አጠራቸው። «አንቺም ስትጸየፊኝ አይቻለሁ። ልሙት፣ ተዪኝ።»

ብምልላቸውም አያምኑኝም። ተነሣሁና ሄጄ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥሁ። በጠራራው ቀን፣ ፊቴን ወደ ሰው አድርጌ፣ ሳይመጣብኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ እመት።

«ተራዬን ይዤ ነዋ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ማንም ብቻውን አይሸናም። እርስዎም ይቺን ውጠው ተራ ይያዙ።»

ቀይዋ ሴት ሳቀችና «ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ!» ብላ ተነሣች። ሌላዋ «እኔማ ከትናንት ጀምሮ አምቄው ነው» አለች። ሁለቱ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ቆሙ። እመት አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ኪኒኗን አቀበልኋቸው። ዋጧት።

የዚያን ቀን የጠጣነው ውሃ! እመት በተነሡ ቁጥር ከፊታቸው አንዷ፣ ከኋላቸው ሌላዋ ትቀመጣለች። የመጣባትም ያልመጣባትም። ቆርቆሮው ቀትር ሳይደርስ ጢም አለ።

«ክፈትልንና እንድፋው፣ ሞልቷል» አልሁ በበሩ።

«ማታ» አለ።

የመጋዘኑ ወለል ደግሞ ወደ በሩ ያዘነብላል። እኛ ምን እናድርግ? ተራችንን አልለቀቅንም። ሞላ፣ ተረፈ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ በርጩማው ሄደ። ጫማው ጨብ ጨብ ሲል ሰማነው።

«እናንተ! ምንድን ነው ይኼ?»

«ፈሰስ ነው፣ ወንድምዓለም» አልሁት።

በሩ ተከፈተ። ሲሰድበን፣ ሲተፋ፣ አፍንጫውን ሲይዝ ቆየ፤ ቆርቆሮውን ግን ደፋነው። ከዚያ ወዲህ እመት በጠሩት ጊዜ እያጉረመረመ ይከፍታል፣ ለጫማው ብሎ።

ሳምንት ሳይሞላ የእመት ቁርጭምጭሚት አጥንቱ ታየ። ቢጫውም ለቀቃቸው። ድሬሰሩ ተመልሶ የልቧን ኪኒን በግማሽ አስጀመራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እመት በጀርባቸው ጋደም አሉ፤ እናያለን፣ አላፈናቸውም። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰባታችንም እስኪነሡ ድረስ ትንፍሽ አላልንም።

እኔ በፍልሰታ ጾም ተፈታሁ። እሳቸውም ከእኔ ኋላ ወጥተው፣ ቤታቸው ገብተው፣ ጥቂት ዓመት ኖረው ነው ያረፉት።

የልጅ ልጄ አሁን ነርስ ናት። ለዚያ በሽታ ዛሬ ልብን የሚያሳርፍ፣ የደም ሥር የሚያላላ፣ ስንት ዓይነት መድኃኒት መጥቷል ትለኛለች። ስማቸውን ብትደረድርልኝ ምላሴ አይገለበጥ። የሽንቷ ግን ዛሬም አለች፤ ሰዉም ዛሬም ይደብቃታል፣ አውቶቡስ ልሳፈር፣ ለቅሶ ልድረስ፣ ላስቀድስ እያለ። «እማዬ፣ እስቲ የቆርቆሮውን ንገሪኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። በርጩማው ጋ ስደርስ ሆዷን ይዛ ትንከተከታለች።

ሦስቱን ቀን ግን እዘልላለሁ። እመት እንደታመሙ እነግራታለሁ፣ ኪኒኗ የማን መቀነት ላይ እንደነበረች አልነግራትም። የቆርቆሮው ሽታ ከነጠላዬ በአንድ እጥበት ለቀቀ። እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ፣ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ሲያብጡ እኔ እግሬን ዘርግቼ የተኛሁት የሦስት ቀን እንቅልፍ ነው።