እርስዎ ይቅደሙ፣ አንቺ ቅደሚ

ሎርና ቮሲካን ፕሮፌሰሮቹ ከጀርባዋ «በረኛዋ» ይሏታል። እሷም ሰምታለች። አንድ ቀን «በረኛ እንኳ በር ላይ ቆሞ ነፋስ ያገኛል፤ እኔን ምድር ቤት መስኮት የሌለው ክፍል ነው የሰጡኝ» አለችኝ። ስትናገር አልሳቀችም። የነብራስካ ሰው በራሱ ቀልድ አይስቅም።

ሥራዋ መቁጠር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለምርምር ገንዘብ ሲያወጣ አንዳንዱን ልክ ያበጅለታል፦ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፖዛል፣ ቢበዛ ሁለት። ልክ ባይኖረው ኖሮ እነዚያ አልጠግብ ባይ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በመቶ ፕሮፖዛል ያጥለቀልቁት ነበር፤ ለእኛ ለበቆሎ አገር ሰዎች ፍርፋሪም አይደርሰንም። ስለዚህ ሕጉን አልጠላውም። ጣጣው እዚሁ ቤታችን ውስጥ ነው። አሥር ሰው ይመኛል፣ አንድ ሰው ይሄዳል። ተደብቆ ሁለተኛ የሚልክ ከተገኘ ደግሞ መንግሥት ሁለቱንም ሳያነብ ይመልሳቸዋል። ያንን አንዱን የሚመርጥ ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴውን የምትሰበስበው፣ የምትመዘግበው፣ ላልተመረጡትም የምትነግረው ሎርና ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ለማን አደላሽ ብለው ሲያፋጥጧት «እኔ አልመርጥም፤ እኔ እቆጥራለሁ» ትላለች።

የተወለደችው ከከተማው ግማሽ ሰዓት ነድተው የሚደርሱበት እርሻ ላይ ነው። አያቶቿ ቼኮች ናቸው። የድንጋይና የአለት ጥናት ልትማር እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለት ዓመት እንደቆየች አባቷ ታመመ። ወንድም ስላልነበራት ትራክተሩ ላይ የወጣችው እሷ ናት። አባቷ ሲሞት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰች፣ ግን በጸሐፊነት። «ወንበሬን ማን እንደወሰደው እንጃ፤ ብቻ ጎበዝ ቢሆን ደስ ይለኛል» ትላለች አንዳንዴ። ላልተመረጡት በኢሜይል አትጽፍም። ለእያንዳንዳቸው ትደውላለች፣ እስኪጨርሱም ትሰማቸዋለች። ይሄን እዩና በረኛ በሏት።

እኔ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ በጀት እሠራለሁ። ከሌላ አገር መጥቼ እዚህ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ቋንቋውን ችያለሁ፣ ብርዱን ለምጃለሁ። ያልለመድኩት ይሉኝታቸውን ነው። ይሉኝታ የእኛ ብቻ የሚመስለው ካለ እዚህ መጥቶ ይማር። ሎርና ሰኞ ሰኞ ኮላች ጋግራ ታመጣለች፣ መሃሉ የፕለም ማርማላታ ያለው ድፎ ቢጤ ቂጣ ነው። የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚወስድ የለም። አንዱ መጥቶ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ ማታ ላይ ሳህኑ ላይ ጥፍር የምታህል ፍርፋሪ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። የመጨረሻዋን የምበላው እኔ ነኝ። ባለጌ ተብዬ ይሆናል፤ ነገር ግን በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ሰው ፊት ለፊት አልነገረኝም።

ባለፈው መስከረም ለምርምር መሣሪያ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ታወጀ። ልኩ አንድ ነው። ለዚያ አንድ ቦታ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ቨርሊን ሃግላንድ ነው፤ ስለ አፈር ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ ስድሳ አራት ዓመቱ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የማያወራ ሰው። ሁለተኛዋ ኮሪን ዳልኬ ናት። ኮሪን የገበሬውን የጉድጓድ ውሃ እየቀዳች፣ ውሃውን ያበላሸው ማዳበሪያው ይሁን የከብቱ በረት ታጠናለች። ያንን የሚለይ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። ውሃዋን በጠርሙስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ትልክና ስምንት ወር ትጠብቃለች። በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ መምህር ትሆናለች ወይስ ትሰናበታለች የሚለው ይወሰናል፤ የትምህርት ክፍሏም «ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ግን ዘገየ» ብሏታል። ዘገየ ማለት በእነሱ አፍ ትሄጃለሽ ማለት ነው። መሣሪያው ከመጣላት ትቆያለች፣ ካልመጣላት ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ይሄን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኮሚቴው ቨርሊንን መረጠ። ኮሪንን ተጠባባቂ አደረጋት።

ሎርና ለኮሪን ደውላ ነገረቻት፣ በማግስቱ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ገባች። ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዋን የጠበቅኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቨርሊን ትልቅ ዱባ ታቅፎ መጣ። በዚህ ወቅት የጓሮ ዱባ የተረፈው ሁሉ በየቢሮው ያድላል።

«ሎርና የለችም?»

«ገና አላገገመችም። በሚቀጥለው ረቡዕ ትገባለች።»

«እንግዲህ…» ዱባውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ቆመ። «ያቺ ኮሪን ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ናት እንጂ።»

«እሷ ብትሄድም እኮ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«አይኖርም» አልኩት።

«ለሎርና ብትነግርልኝ ጥሩ ነበር፤ ካልረሳህ።»

«እነግራታለሁ።»

ምን ደግ ሰው ነው፣ ያሸነፋትን ልጅ ያመሰግናል ብዬ አሰብኩ። ማታ ለሎርና ደወልኩና «ቨርሊን ሰላም ብሎሻል፤ ዱባ አምጥቷል» አልኳት። ዱባውን ወጥ ሠርቼ በላሁት። ጥሩ ዱባ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሎርና በምርኩዝ እያነከሰች ገባች። ፕሮፖዛሉ መግባት ያለበት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ኮቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፍታ ፕሮፖዛል የሚላክበትን ገጽ አየች።

«የቨርሊን ምንም የለም እኮ። ገጹ ባዶ ነው።»

ደወለችለት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ቨርሊን፣ ሎርና ነኝ። ምነው ዘገየህብን?»

«ተመለስሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴ ደህና ነው። ፕሮፖዛሉስ?»

«እኔ እኮ ለኮሪን ለቅቄላታለሁ። ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

«እዚያ ለበጀቱ ሰው። ዱባ ያመጣሁ ዕለት።»

ሎርና ዞራ አየችኝ። ስልኩን ዘግታ «ምን ነበር ያለህ? ቃል በቃል ንገረኝ» አለች። ቃል በቃል ነገርኳት።

«እና ይሄ ለአንተ ምን ነበር?»

«ሙገሳ መስሎኝ…»

«ይሄ እኮ እዚህ አገር ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው» አለች ዓይኗን ጨፍና።

ክው አልኩ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ ሰውየው ብልህ መስዬው ነው የነገረኝ። ሰምና ወርቅ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ሰሙን ይዤ ቀረሁ። የሁለት ሳምንት ሥራ ሁለት ቀን ተኩል ቀርቶታል፤ ኮሪን ብትባረር ያባረርኳት እኔ ነኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኮሪን በጭቃ ቦቲዋ እንዳለች ከመስክ እየሮጠች መጣች። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ግን እንደ መብራት ጠፋ። ምክንያቱም ቨርሊንም ቆቡን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ገብቶ ነበር።

«ቦታው የእርስዎ ነው» አለችው። «ኮሚቴው የመረጠው እርስዎን ነው። ይቅደሙ።»

«አይ፣ አንቺ ቅደሚ። አንቺ ወጣት ነሽ።»

«እርስዎ ሠላሳ ዓመት ለፍተዋል። እኔ ብወስደው ደስ አይለኝም።»

«እንግዲህ… ካልፈለግሽው፣ ዛሬና ነገን ታግዬ እኔው ልሞክረው እችላለሁ፤ አንቺን ደስ ካላለሽ።»

«ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው እንጂ…»

«እኔ ግድ የለኝም…»

እንዲህ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ያቺ ቁራሽ ኮላች መሆኗ ነው፤ ግማሽ እየቆረጡ እዚያው ይተዋታል። እኔ መናገር አልችልም፤ በየትኛው አፌ። ቢቸግረኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየዋለሁ።

ሎርና በምርኩዟ መሬቱን መታችው።

«ተቀመጡ፣ ሁለታችሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቦታ አጥቶ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ቦታ ተገኝቶ ባለቤት ሲጠፋ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቨርሊን፣ ትፈልገዋለህ?»

«እሷ ብት…»

«ስለ እሷ አልጠየቅኩህም። እፈልጋለሁ በል፣ ወይም አልፈልግም በል። አንድ ቃል ነው።»

ቨርሊን ቆቡን አሽከረከረ። ጆሮው ቀላ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥርስ የሚያስነቅል ሰው ይመስል ነበር።

«አልፈልግም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ያቺ ቃል መንገድ የከፈተችለት ይመስል ቀጠለ። «ደክሞኛል፣ ሎርና። ለኮሚቴው ያቀረብኩት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስለለመነኝ ነው። ስመረጥ ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ለማርሊስ እንኳ አልነገርኳትም። ጡረታ እስክወጣ ቀን እየቆጠረች ነው። መሣሪያው በስሜ ከመጣ ሌላ አምስት ዓመት ያስረኛል። አልፈልገውም። እግዜር ያውቃል አልፈልገውም።» ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ሰው «አልፈልግም» ብሎ እንዲህ ሲቀለው አይቼ አላውቅም።

«ኮሪን?» አለች ሎርና።

ኮሪን ቦቲዋን አየች፣ ቨርሊንን አየች። «እፈልገዋለሁ» አለች። «በጣም እፈልገዋለሁ። ያለሱ ከርሞ እዚህ አልኖርም። ዕቃዬን መቼ ልሸክፍ እያልኩ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።»

«ታዲያ ይሄን ለማለት ሃያ ደቂቃ ትፈጃላችሁ?» አለች ሎርና፤ ወረቀት ሳበችና የቨርሊንን ስም ሰርዛ የኮሪንን ጻፈች። የምትቆጥረዋ ሴትዮ ያን ቀን አስመረጠች።

የኮሪን ፕሮፖዛል ለኮሚቴው የተዘጋጀ ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። አሥራ አምስት ገጽ መሆን አለበት። ኃጢአቴን ለማስተሰረይ በጀቱን ሙሉ በሙሉ እኔ ወሰድኩት፤ ከመሣሪያው ሻጮች ጋር እየተጨቃጨቅኩ ሐሙስን ዋልኩ። ቨርሊን ኮሪን ቢሮ ውስጥ ወንበር ስቦ የጻፈችውን ገጽ በገጽ ያነባል፣ የተሳሳተውን በእርሳስ ያርማል። ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ለማግኘት ሄዶ የተመለሰውም እሱ ነው፤ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፣ «የሚከፋው ያለ አይመስለኝም» ብሎት ይሆናል። ሎርና ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ከዩኒቨርሲቲያችን የሚሄደው ይህ ብቻ ነው የሚለውን ደብዳቤ ጽፋ አስፈረመች።

ዓርብ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ አራታችን በዚያ መስኮት አልባ ክፍል ተሰበሰብን። ሎርና ቁልፉን ተጫነች። ገጹ ዞረ፣ ዞረ። መድረሱን የሚያረጋግጥ ቁጥር መጣ። ሎርና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ ሳትጠየቅ ደግማ አነበበችው። ኮሪን ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና በሳቅና በልቅሶ መሃል ቀረች።

«እንግዲህ፣ አልከፋም» አለ ቨርሊን። አሁን ስለገባኝ ልተርጉምላችሁ፦ ሰውየው በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

መልሱ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ተሳክቶላታል። መሣሪያው ዛሬ ከሎርና ክፍል ሁለት በር አለፍ ብሎ ሲንጎራጎር ይውላል፣ ኮሪንም አልተሰናበተችም። እኔ ግን አንጀቴ ቅቤ የጠጣው ሰኔ ላይ ሳይሆን በዚያው ዓርብ ማታ ነው።

ሎርና በጉልበቷ ምክንያት መንዳት አልተፈቀደላትም። ባሏ ዴልማር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት የተማሪዎቹን የኳስ ቡድን ይዞ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ላደርሳት ቦርሳዋን ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድን። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ስህተቴ አንድ ቃል አልወጣትም፤ «ምንም አይደል» እንኳ አላለችኝም። አላስችል አለኝ።

«ሎርና፣ ተቀይመሽኛል?»

«ኧረ የለም» ትለኛለች ብዬ ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ «ኧረ የለም» ነው የሚለው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳላችሁም። ቆም አለችና ምርኩዟን ተደግፋ አየችኝ።

«አዎ» አለች። «በጣም ተናድጄብሃለሁ። የዚያችን ልጅ ኑሮ በዱባ ልትለውጠው ነበር። ረቡዕ ዕለት በዚህ ምርኩዝ አናትህን ልልህ ምንም አልቀረኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወጣልኝ። ክፈተው፣ ብርድ ነው።»

በሩን ከፈትኩላት፣ እግሯን በሁለት እጄ ደግፌ አስገባሁላት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን እንደተቀየመኝ፣ ማን እንደወደደኝ ሳላውቅ ኖሬ፣ በዚህ ከተማ ፊቴ ቆሞ የተቆጣኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እንባዬ መጣ። ነፋሱ ነው አልኳት። እሷም ነፋሱ ነው አለች።